መድኃኒት ወደ ውሃ ሲገባ በዓሣ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ሰው የሚውጠው መድኃኒት ሁሉ በሰውነት ውስጥ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ጨርሶ አይጠፋም። ከፊሉ ከሽንት ጋር ወጥቶ ከቆሻሻ ውሃ ጋር ይወርዳል። ቆሻሻ ውሃን የሚያጣሩት ጣቢያዎች ግን በአብዛኛው የተሠሩት ዓይነ ምድርንና ይህን የመሰለውን እድፍ ለማስወገድ ስለ ኾነ፥ ከመድኃኒቱ አንዳንዱ አልፎ ወደ ወንዝና ወደ ሐይቅ ይገባል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ፥ እንዲህ በጥቂቱ የሚገባ መድኃኒት ዓሣን ሊጎዳ ይችላልን? የሚለው ነው።

ለዚህ መልስ የሚሰጥ ፈተና በካናዳ፥ በኦንታሪዮ ሰሜን ምዕራብ፥ ለምርምር በተለየ አንድ ትንሽ ሐይቅ ተደርጓል። ካረን ኪድና ባልደረቦቻቸው ከ2001 እስከ 2003 (እ.ኤ.አ.) በየበጋው፥ በእርግዝና መከላከያ ኪኒን ውስጥ የሚገኘውን ኤቲኒል ኢስትራዲዮል በሐይቁ ውስጥ ጨመሩ። መጠኑ በአንድ ሊትር ከ5 እስከ 6 ናኖግራም ነበር፤ ይኸውም ለአንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ 5 ወይም 6 ግራም ብቻ ማለት ነው።

ውጤቱ በመጀመሪያ የታየው ፋትሄድ ሚኖ በተባሉት ትንንሽ ዓሣዎች ላይ ነው። የሴት ዓሣ ጉበት ለዕንቁላል አስኳል የሚያዘጋጀው ፕሮቲን በወንዶቹ ሰውነት ተገኘ፤ የወንዶቹም የዘር ፍሬ ዕድገት ተሰናከለ። እነዚህ ዓሣዎች ዕድሜያቸው አጭር ስለ ኾነ፥ የሚተካቸው ጫጩት ሲታጣ ዘራቸው ከሐይቁ ሊጠፋ ጥቂት ቀረው። መድኃኒቱ ባልገባባቸው ለማነጻጸሪያ በተያዙት ሐይቆች ግን እንዲህ ያለ ጥፋት አልደረሰም። እነርሱን ይመገብ የነበረው ትራውትም ምግቡ ስለ ጐደለበት ብዛቱ ቀነሰ።

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» እንደሚባለው፥ ጉዳቱ የሚመጣው በዝግታ ነው። ዓሣው ተመርዞ አልሞተም፤ የሚወለደው ግን ታጣ። ስለዚህ በወንዝ ዳር የሞተ ዓሣ አለመታየቱ ብቻውን የውሃውን ጤንነት አያረጋግጥም፤ ጫጩት መኖሩንም መመርመር ያስፈልጋል።

ይህን ስንል በየወንዙ ያለው መጠን ይህን ያህል ነው ማለታችን አይደለም፤ በብዙ ወንዞች ከዚህ ያነሰ ነው። መድኃኒቱን የሚወስዱትን ሰዎች ለመውቀስም አይደለም፤ በሽተኛ መድኃኒቱን ሊተው አይገባውም። መፍትሔው ያለው በማጣሪያው ጣቢያ ነው። ስዊስ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፥ የተመረጡ ጣቢያዎች ኦዞን ወይም ለማጣሪያ የተዘጋጀ ከሰል እንዲጨምሩ አዛለች። በካናዳው ሐይቅም መድኃኒቱ ከተቋረጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትንንሾቹ ዓሣዎች ተመልሰው በዝተዋል። እንግዲህ የጉዳቱ ምክንያት በጊዜው ከተወገደ፥ ውሃው የተጎዳውን ዘር መልሶ ሊያሳድግ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።