እረፍትም ልምምድ ነው፤ ፈረሶቹን ጠይቁ!

ቡድናችን ሲሸነፍ ስታዲየም ውስጥ መጀመሪያ የሚሰማው ወቀሳ "ልምምድ አንሷቸዋል!" የሚል ነው። አሰልጣኙም ደጋፊውን ፈርቶ ልጆቹን ጠዋትና ማታ ያስሮጣል። ለመሆኑ ልምምድ በበዛ ቁጥር ትምህርቱም ይበዛል? ዛሬ መልሱን የሚነግሩን ተጫዋቾች ሳይሆኑ ፈረሶች ናቸው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ሩቢን፣ ኦፔጋርድና ሂንትዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ፖኒ የሚባሉ 15 አጫጭር ፈረሶችን በሦስት ቡድን ከፈሉ። አንዱ ቡድን ሰባቱንም ቀን፣ ሌላው በሳምንት ሁለቴ፣ ሦስተኛው በሳምንት አንዴ ብቻ ይሠለጥናል። በአንድ የልምምድ ቀን ሙከራው ለሁሉም እኩል 10 ነው። ትምህርቱ ደወል ሲሰማ ትንሽ መሰናክል መዝለል ሲሆን ያልዘለለ ቀለል ያለ የኤሌክትሪክ ንዝረት ይቀምሳል።

ታዲያ ማን አሸነፈ? በሳምንት አንዴ የሠለጠኑት! በየቀኑ ከሚለፉት በጣም ባነሰ የልምምድ ቁጥር ዝላዩን ቻሉት። በመልሱ ጨዋታ ያንኑ ፈረሶች እንደገና ደልድለው በምልክት ወደ ኋላ መራመድ ሲያስተምሯቸውም ውጤቱ አልተቀየረም።

ግን ቆይ፣ ይህን ሰምቶ ልምምድ የሚቀር እንዳይኖር! በሳምንት አንዴ የሠለጠኑት የልምምዳቸው ቁጥር ይነስ እንጂ ትምህርቱን ለመጨረስ ረዘም ያለ ጊዜ ወስዶባቸዋል። እረፍት ትምህርቱን ያጠነክራል፣ ትዕግስት ግን ያስከፍላል። በሰው ላይም ቢሆን ከጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ የ1885 ሥራ ጀምሮ የታየው፣ ተራርቆ የተጠና ነገር ባንዴ ከተጋተው ይልቅ በጭንቅላት ውስጥ እንደሚቆይ ነው።

በልምምዱ መሀልም እረፍት ሥራ አለው። ጎበዝ አሰልጣኝ ፈረሱ የታዘዘውን በትክክል እንደሠራ ወዲያው ልጓሙን ያላላለታል፣ ትንሽም ያስተነፍሰዋል። ፈረሱም "ለካ እፎይ ያስባለኝ ይሄ ነው" ብሎ ይይዘዋል። ትክክል ሠርቶም ጫናው ካልቀነሰለት ግን የቱ ልክ እንደነበር በምን ይወቀው? የደከመው ፈረስ "ልግመኛ" ተብሎ አለንጋ የሚጨመርበትም እዚህ ላይ ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ፍርዱን ለእናንተ ትተነዋል።

ፈረስና ተጫዋች አንድ ናቸው እያልን አይደለም። ግን በሚቀጥለው ሽንፈት "ልምምድ አንሷቸዋል" ብለን ከመጮሃችን በፊት አንድ ጥያቄ እናስቀድም፦ ልጆቹ አርፈዋል ወይ?