ጠርሙሱ ጠረጴዛ ላይ ከወረደ በኋላ

ማሻ የምሽት ክለብ ከተማ አይደለችም። የጫካ ማር ጠጅ፣ ቢራ፣ አረቄ፣ ከዚያ በጊዜ ወደ ቤት። ቡና ተለቅሞ ብር ኪስ ሲገባ ግን ወደ ቴፒና ሚዛን የሚወርደው ሰው ይበዛል። እዚያም የሚደምቀው ውስኪ ያወረደው ጠረጴዛ ነው። ጥያቄው የሚመጣው በማግስቱ ነው። አንዱ ደረጃ ላይ ቢወድቅ ወይም ሌላው በሞተር መንገደኛ ቢገጭ መጠጥ ቤቱ ይጠየቃል? ወይስ «ራሱ ነው የጠጣው» ተብሎ ያልቃል?

በመለኪያ ሲጠጣ የሚቀዳው ቤቱ ነው። አስተናጋጁ ይመላለሳል፣ ይቆጥራል፣ የደንበኛው ምላስ ሲተሳሰርም ያያል። ጠርሙስ ሲወርድ ቀጂው ጋባዡ ይሆናል። ብርጭቆ ሳይጎድል ይሞላል፤ ጠጪው ራሱ ስንት እንደጠጣ አያውቅም። ደግሞ ከሱቁ ዋጋ ብዙ እጥፍ ተከፍሎበታልና ግማሹን ትቶ መነሳት ያንገበግባል። ቤቱ የሚያተርፈው ከዚህ ነው፤ ጠርሙስ ያወረደ ጠረጴዛ ቶሎ አይነሳም፣ ጎረቤቱንም ያነሳሳል።

ሒሳቡን እንየው። 750 ሚሊ ሊትር ውስኪ አልኮሉ 40 በመቶ ከሆነ 300 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ይዟል። 330 ሚሊ ሊትር የሆነ ባለ 5 በመቶ ቢራ የያዘው 16.5 ነው። ስለዚህ አንድ ጠርሙስ ማለት 18 ቢራ ነው፤ ለሦስት ሲካፈሉት ለእያንዳንዱ ስድስት ይደርሰዋል። ጉበት አንዱን ቢራ ለማስወገድ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈልጋል። ከምሽቱ አራት ሰዓት የጀመረ ሰው ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሞተር ሲያስነሳ መጠጡ ገና ከደሙ አልወጣም። በቡና አገር እንዲህ ማለት ያስተዛዝባል እንጂ፣ ጥቁር ቡና እንቅልፍ ያባርራል፤ ስካር ግን አያባርርም።

ወደ ሕጉ እንምጣ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። ሚዛንና ቴፒ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ከተሞች ናቸው፤ አዲስ ገቢ ተማሪዎች በአብዛኛው ከዚህ ዕድሜ በታች ናቸው። ቢራ በነጠላ ሲታዘዝ መታወቂያ መጠየቅ ይቻላል። ጠርሙሱን የገዛው የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ሲሆንና ከሚጠጡት አምስቱ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ሲሆኑ ግን አስተናጋጁ አላየሁም ይላል። በእኔ አስተያየት የአዋጁ ትልቁ ቀዳዳ ይኸው ጠርሙስ ነው።

ጉዳት ሲደርስ ተበዳዩ የሚይዘው የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይክፈል ይላል። አንቀጽ 2130 ደግሞ ሠራተኛ በሥራው ላይ ላደረሰው ጉዳት ቀጣሪውን ይጠይቃል። እንግዲህ መቆም ለማይችል ሰው ሁለተኛ ጠርሙስ የከፈተ አስተናጋጅ አጥፍቷል ወይ ነው ክርክሩ። ጠጪውም አያመልጥም፤ በአንቀጽ 2098 የራሱ ጥፋት ካሳውን ይቀንስበታል። መኪና ካለበት ነገሩ ይቀላል፤ በአንቀጽ 2081 የመኪናው ባለቤት ባያጠፋም ስለሚከፍል ተጎጂው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። መጠጥ ቤቱ በክስ ውስጥ እምብዛም የማይነሳው ለዚህም ይመስለኛል።

የውጭ ፍርድ እኛን ባያስገድድም አንድ የካናዳ ጉዳይ ነገሩን ያፍታታዋል። እ.ኤ.አ. በ1968 ኦንታሪዮ ውስጥ ጆርዳን ሀውስ የተባለ ሆቴል አንድ የዘወትር ደንበኛውን አጠጥቶ፣ ሲሰክር ከቤት አስወጣው። ውጪው ጨለማ ነው፤ መኪና የሚበርበት አውራ ጎዳና ነው። ሰውዬው ሲራመድ ተገጨ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1973 ሆቴሉ ተጠያቂ መሆኑ ጸና፤ ጥፋቱም ለሆቴሉ፣ ለሹፌሩና ለራሱ ለሰካራሙ እኩል ለሦስት ተከፈለ። ሆቴሉን ያስጠየቀው መሸጡ ብቻ አይደለም። ሠራተኞቹ የሰውዬውን ጠባይ እያወቁ አጠጥተው፣ አደጋው ውስጥ አውጥተው መተዋቸው ነው። በእኛም አገር ጥበቃው ሰካራሙን ብብቱን ይዞ አስፋልት ዳር አስቀምጦ በሩን ሲዘጋ ማየት ብርቅ አይደለም።

ይህን በተመለከተ የወንጀል ሕጉም ዝም አላለም። አንቀጽ 575 ሕይወቱ ወይም ጤናው ለከባድ አደጋ የተጋለጠን ሰው፣ ራሱን አደጋ ላይ ሳይጥል መርዳት እየቻለ ሆን ብሎ የተወውን ይቀጣል። ይህ ጥበቃውንም ጋባዡንም አብሮ የጠጣውንም ይመለከታል። ቢቀሰቅሱት የማይነቃ፣ ትንፋሹ የዘገየ፣ ገላው የቀዘቀዘ ሰው «ተኝቷል ተውት» የሚባል አይደለም። ትውከት እንዳያንቀው በጎኑ አስተኝቶ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። በጀርባው ካስተኙት ሊታፈን ይችላል።

ካሳ መጠየቅ ያሰበ ሰው ሰዓት ያለበትን ደረሰኝ፣ አብሮት ያመሸውን ምስክር፣ የሐኪም ማስረጃውን ቶሎ ይያዝ፤ የበሩ ካሜራ ካለም ምስሉ ሳይጠፋ ይጠይቅ። ክሱ በአንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ግን ለካሳውም የሚቆጠረው የወንጀሉ ይርጋ ነው።