ከአሰላ ቁልቁለት ላይ ቤዙ ወዴት ይጠፋል?

ከአሰላ ወደ አዳማ በሚኒባስ የወረደ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ኢተያ ታልፎ መንገዱ ወደ ዴራ ቆላ ማዘቅዘቅ ሲጀምር የመኪናው ሙዚቃ እየሳሳና እየራቀ ይሄዳል። ሹፌሩ ቤዙን ይጨምራል፤ ጥቂት ቆይቶም ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ለመሆኑ የደከመው ቴፑ ነውን?

አይደለም። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ አዳማ ከእርሷ 700 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። በዚህ ልዩነት ሳቢያ የአየር ግፊት በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከጆሯችን ታምቡር በስተጀርባ ያለው አየር ከውጭው ጋር የሚገናኘው ወደ ጉሮሮ በሚወስድ ቀጭን ቱቦ ብቻ ነው። ዳገት ስንወጣ ትርፉ አየር ቱቦውን ራሱ ገፍቶ ይወጣል። ቁልቁለት ስንወርድ ግን ቱቦው ተጣብቆ ይቆያል፤ ምራቅ ካልዋጥን ወይም ካላዛጋን በቀላሉ አይከፈትም። ታምቡሩም ወደ ውስጥ ተስቦ ይወጠራል። የተወጠረ ቆዳ አብልጦ የሚቋቋመው ወፍራሙን ድምፅ ነው፤ ከበሮ የጠፈረ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ስለዚህ አስቀድሞ የሚያመልጠን ቤዙ ይሆናል። የመጀመሪያው የቴፕ ማስተካከያ እንግዲህ ምራቅ መዋጥ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

የደጋው አየር መሳሳትም የራሱ ድርሻ አለው፤ ነገር ግን ትንሽ ነው። አሰላ ላይ ያለው አየር ጥግግቱ ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል በመሆኑ፣ ስፒከሩ እኩል ቢንቀሳቀስም ድምፁ ከ2 እስከ 3 ዴሲቤል ይቀንሳል። ይህን ጆሮ ልብ የሚለው በጭንቅ ነው።

ይልቅ ብዙ ጥፋት የሚመጣው ቤዙን ከመጨመር ነው። በቴፑ ግንባር ላይ «50 ዋት በ4» የሚል ጽሑፍ እናያለን። ሞተሩ ሲሠራ የመኪናው ኤሌክትሪክ 14 ቮልት ገደማ ነው፤ ተራው የቴፕ ማጉያ ከዚህ የሚበልጥ ቮልቴጅ ለስፒከር መስጠት አይችልም። 4 ኦም ባለው ስፒከር ላይ ስናሰላው ንጹሕ ሆኖ ሊወጣ የሚችለው ቢበዛ 25 ዋት ያህል ነው። ቀሪው የነጋዴ ቁጥር ነው። ቤዙን በ10 ዴሲቤል ከፍ ማድረግ ደግሞ አሥር እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። 3 ዋት ይበቃው የነበረ ዘፈን 30 ዋት ሲጠይቅ ማጉያው አቅም ያጣና የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል። ድምፁ ይሻክራል፤ ከመቆረጡ የሚወለዱት ቀጫጭን ድምፆችም የትንሿን ስፒከር ስስ ሽቦ ያግላሉ፣ ያቃጥላሉም። ስለዚህ ቤዝ ያነሰ ሲመስለን ትሬብሉን ጥቂት ቀንሰን ጠቅላላ ድምፁን ማስተካከሉ ይሻላል። በዚህ ሁኔታ ማጉያው አይጨነቅም።

ቤዙ ሜዳ ላይም፣ መኪናው ቆሞም ከጠፋ የስፒከሮቹን ሽቦ እንጠርጥር። የአንደኛው ስፒከር ሽቦ ተገላብጦ ከተቀጠለ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል። የ100 ኸርትዝ ድምፅ ሞገድ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ነው፤ ከመኪናው ወርድ ይበልጣል። በመሆኑም የሁለቱ ስፒከሮች ወፍራም ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል። ለመፈተሽ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ይበቃል። ሽቦዎቹን ከቴፑ ነቅለን ለቅጽበት ብቻ ስናስነካቸው የሁለቱም ስፒከሮች ወረቀት ወደ አንድ አቅጣጫ መንቀሳቀስ አለበት።

የጎማና የሞተር ጩኸትም ወፍራሙን ድምፅ ይሸፍናል። በጉዞ ላይ ልክ የመሰለን ቤዝ መናኸሪያ ገብተን ስንቆም የሚደበድበን ለዚህ ነው። በጉዞ ላይ ቁልፉን ማዞር የረዳቱ ሥራ ይሁን፤ በዚያ መንገድ ጋሪና ከብት ብዙ ነው፣ የሹፌሩ ዓይን ከፊት መነሣት የለበትም።

በሥራ ቦታ ድምፅ ላይ የተለመደው ገደብ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 94 ዴሲቤል ላይ 1 ሰዓት ብቻ ይቀራል፤ ከአሰላ አዳማ የአንድ ጉዞ እንኳ አያደርስም። በክንድ ርቀት ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ ካስፈለገ ከ85 እንዳለፍን እንቁጠረው። በጩኸት የሞቱ የውስጥ ጆሮ ሕዋሳት አይተኩም፤ ጉዳቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው 4,000 ኸርትዝ አካባቢ ካለው ቀጭን ድምፅ ነው። ለዓመታት በጩኸት የሠራ ሹፌር የጎደለውን ለመሙላት ትሬብሉን ይጨምራል፤ ለእርሱ ልክ የሆነው ድምፅ ከኋላ ስፒከሩ ሥር ለተቀመጠው ሕፃን የሚወጋ ነው። የፊትና የኋላውን ድምፅ የሚያመዛዝነው ቁልፍ በአብዛኞቹ ቴፖች ላይ አለ። ወደ ፊት ይዙር።