ይህች ነጥብ የማን ናት?

አንድ ገበሬ ለማኅበሩ 15 ኩንታል ስንዴ አስረከበ እንበል። ደረሰኙም በመኪና ታትሞ ተሰጠው። ነገር ግን በ1 እና በ5 መካከል፣ ከግርጌ፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ ወድቃለች። አሁን ቁጥሩ 1.5 ተብሎ ይነበባል። 15 ኩንታል የነበረው አንድ ኩንታል ተኩል ሆነ ማለት ነው። ጸሐፊው አልተሳሳተም። ነጥቧን የጣለው መኪናው ነው።

ማንበብ የቻለ ሰው የተጻፈውን ነጥብ ከቆሻሻው ነጥብ መለየት አለበት። ለዚህም መኪናው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል።

መኪናው እንዴት ያትማል?

ዛሬ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚገኘው የማተሚያ መኪና ሌዘር ፕሪንተር ይባላል። ቀለሙ ፈሳሽ አይደለም፤ ቶነር የሚባል ደቃቅ ዱቄት ነው። በመኪናው ሆድ ውስጥ ድራም የሚባል ነገር አለ። ድራም እንደ ጥጥ መዳመጫ ብረት ድቡልቡል ሆኖ ይሽከረከራል። ላዩ ለስላሳ ነው፤ ብዙውን ጊዜም አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ነው።

ደረቅ ጸጉራችሁን በፕላስቲክ ማበጠሪያ አበጥሩ። ማበጠሪያውን ወደ ብጥስጣሽ ወረቀት አስጠጉት። ወረቀቱ ዘሎ ይለጠፍበታል። ይህን የሚያደርገው ኤሌክትሪክ ነው። ድራሙም በዚሁ ኃይል ይሠራል። የሌዘር ብርሃን ፊደሎቹን በድራሙ ላይ ይነድፋል። ዱቄቱ ብርሃን በነካው ቦታ ይለጠፋል፤ ከዚያም ወደ ወረቀቱ ይሻገራል። በመጨረሻ ሙቀት ዱቄቱን አቅልጦ ከወረቀቱ ጋር ያጣብቀዋል።

የዚህን ዘዴ መሠረት የጣለው ቸስተር ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ድኝ የተቀባ የዚንክ ሰሌዳ በጨርቅ አሸ፤ ብርሃን አሳየው፤ ዱቄት ነሰነሰበትና ጽሑፍ ገለበጠ።

ምልክቱን እንዴት እናውቃለን?

ድራሙ አንድ ገጽ ለማተም ደጋግሞ ይዞራል። በላዩ ጭረት ወይም ቆሻሻ ካለ ያችው ነጥብ እኩል እየራቀች ወደ ታች ትደጋገማለች። በብዙ ትንንሽ መኪናዎች ርቀቱ 7.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም አራት ጣት ያህል ነው። ደረሰኙ አጭር ከሆነ ነጥቧ አንዴ ብቻ ልትታይ ትችላለች። ያን ጊዜ አንድ ባዶ ገጽ ይታተምና ይታይ።

ከላይ እስከ ታች ጥቁር መስመር ከወጣ ድራሙ ተጭሯል ወይም ቆሽሿል። ጽሑፉ ከደበዘዘ ዱቄቱ እያለቀ ሊሆን ይችላል። ጽሑፉ በጣት ሲታሽ ከለቀቀ ግን ጥፋቱ የድራሙ ሳይሆን የማቅለጫው ነው።

እንዴት ይጸዳል?

1. መኪናውን አጥፉ፤ ሶኬቱን ንቀሉ። ማቅለጫው ስለሚያቃጥል ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ።
2. አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ድራሙን ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ አውጡ። ላዩን በእጅ አትንኩ፤ የጣት ወዝ ምልክት ይተዋል።
3. ፀሐይ አታሳዩት። ብዙ ብርሃን ያበላሸዋል። ወዲያው በጨርቅ ሸፍኑት።
4. በለስላሳና በደረቅ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ ጥረጉት። ውኃ፣ ሳሙና ወይም ቤንዚን አታስነኩት። በጥፍርም በቢላም አትፋቁት።
5. ዱቄቱ ከእጅ ወይም ከልብስ ላይ ቢፈስ በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቡ። ሙቅ ውኃ ዱቄቱን ያጣብቀዋል።

ከዚህ በኋላ አንድ ገጽ አትማችሁ እዩ። ነጥቧ ካልጠፋች ድራሙ ተጭሯል። ጭረት በጨርቅ አይለቅም፤ ድራሙ ይለወጥ። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይባላል። አቧራ በሚበዛበት አገር መኪናውን ከሥራ በኋላ መሸፈን ብዙ ወጪ ያድናል።

እናንተም ደረሰኝ ስትቀበሉ ከመስኮቱ ሳትርቁ አንብቡ። ቁጥሩን ከሚዛኑ ጋር አስተያዩ። አጠራጣሪ ነጥብ ካያችሁ «ይህች ነጥብ ምንድን ናት? እባክዎ እንደገና ያትሙልኝ» በሉ። መጠየቅ አያሳፍርም። ዝም ማለት ግን 13 ኩንታል ተኩል ሊያሳጣ ይችላል።

ጥያቄዎች

1. በ15 ላይ አንዲት ነጥብ ብትወድቅ ቁጥሩ ምን ይሆናል?
2. ነጥቧ የድራሙ መሆኗ በምን ይታወቃል?
3. ድራም ፀሐይ የማይታየው ለምንድን ነው?