የተረሳው የውጫሌ አንቀጽ፦ ጠመንጃ፣ ታሪክና ችሎት

ከወልድያ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ መርሳንና ውርጌሳን አልፎ ውጫሌ ይደርሳል። የውጫሌ ስም ሲነሳ ሁላችንም ወደ ውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ እንሮጣለን፤ አማርኛውና ጣልያንኛው አልስማማ ብለው ዐድዋ ላይ ወደተፈታው። 6ኛውን የሚያነሳ ጥቂት ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በዚህ አንቀጹ በምጽዋ በኩል የሚገባው መሣሪያና ጥይት ለምኒልክ ብቻ እንዲፈቀድ፣ ጥያቄውም በየጊዜው በንጉሡ ማኅተም እንዲቀርብ ይላል። «ጠመንጃ የአባት ወግ ነው» ብሎ የሚሟገት ሰው ውጫሌን ምስክር ሊጠራ ይችላል። «ቁጥጥሩም የአባት ወግ ነው» የሚለው ባላንጣውም እዚያው ምስክር ያገኛል።

ታሪክን በመሣሪያ ሕግ ላይ ምስክር አድርጎ በማቆም የአሜሪካን ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚያህል የለም። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀውና መሣሪያ የመያዝን መብት የሚጠቅሰው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። በ2008 በሄለር ጉዳይ መብቱ የግለሰብ ነው ተባለ። በ2022 ደግሞ በብሩን ጉዳይ ዳኛ ክላረንስ ቶማስ የጻፉት የ6 ለ3 ውሳኔ ከዚያ አልፎ ሄደ። ሕጉ ለሕዝብ ደኅንነት ምን ያህል ይጠቅማል የሚለው ሚዛን ቀረና፣ መንግሥት ለሕጉ ከአገሪቱ የቁጥጥር ታሪክ አምሳያ እንዲያቀርብ ተጠየቀ። በዚህ ሚዛን መቶ ዓመት ያለፈው የኒው ዮርክ የፈቃድ ሕግ ወደቀ። ጠበቆች በ1328 እስከወጣው የእንግሊዝ የኖርዝሃምፕተን ሕግ ድረስ ወርደው ተከራከሩ። የየትኛው ዘመን ታሪክ ይቆጠር፣ የ1791 ወይስ 14ኛው ማሻሻያ የጸደቀበት የ1868? ይህ እንኳ በቅጡ አልተቋጨም። የበታች ዳኞች ሳይወዱ ታሪክ ጸሐፊ ሆኑ። በ2024 በራሂሚ ጉዳይ፣ የቤት ውስጥ ጥቃት እንዳያደርስ በፍርድ ቤት የታገደ ሰው መሣሪያ እንዳይዝ የሚከለክለው ሕግ 8 ለ1 ጸና። የሚፈለገው የመርሕ ዝምድና እንጂ መንታ ሕግ አይደለም ተብሎ ገመዱ ትንሽ ላላ።

የእኛው የ1987 ሕገ መንግሥት ስለ ጠመንጃ መብት አንዲት ቃል የለውም። ቢኖረው እንኳ ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ዳኛ በታሪክ ተመርቶ አዋጅ የሚሽርበት ሥልጣን የለውም። ስለዚህ ክርክሩ የሚዞረው ፈቃድ መኖር አለመኖሩ፣ ብረቱም ከየት እንደመጣ ላይ ነው። አያትህ ምን ይዘው ነበር ብሎ የሚጠይቅ ችሎት የለም።

ታሪክ ግን በሌላ በር ይገባል። አንደኛው በር ፓርላማው ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝ ልማድ የሆነባቸውን አካባቢዎች ለይቶ ያያል። አሜሪካ ለዳኛ የሰጠችውን ጥያቄ እኛ ለሕግ አውጪው ሰጠን ማለት ነው፤ በእኔ ግምት ይህ የተሻለ ነው፤ ልማድ መስክሮ የሚያበቃ ነገር ስላልሆነ፣ ልክና ድንበርም ስለሚያስፈልገው።

ልማዱስ ዕድሜው ስንት ነው? በሽለላና በፉከራ የምንሰማቸውን ስሞች እንያቸው። ሰናድር የእንግሊዙ ስናይደር ነው፣ ውጅግራ የፈረንሳዩ ፉዚ ግራ፣ ምንሽር የኦስትሪያው ማንሊኸር። ሦስቱም የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሸቀጦች ናቸው፤ «ከጥንት» የምንለው ወግ የመርከብ ጭነት ቀን አለው። ያኔም ቢሆን ገበያው ልቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. የ1890ው የብራስልስ ስምምነት ወደ አፍሪካ የሚገባውን መሣሪያ ገድቦ ነበር፣ ነሐሴ 1922 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው ውልም የኢትዮጵያን የመሣሪያ ግዢ የሚመለከት ነበር።

ሁለተኛው በር የቅጣት ማክበጃና ማቅለያ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 88 ዳኛው ቅጣት ሲያሰላ የአጥፊውን የግል ሁኔታ፣ ያለፈ ታሪኩንና የተነሳበትን ምክንያት እንዲመዝን ያዘዋል። እዚህ ላይ ሰሜን ወሎ ከማንም የከበደ ታሪክ አለው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የትግራዩ ጦርነት ወደ ወልድያ ሲገፋ የአማራ ክልል መንግሥት መሣሪያ ያለው ሁሉ እንዲዘምት ጠራ፤ ከተማዋ ነሐሴ ላይ ተያዘች፣ ታኅሣሥ 2014 ላይ ተመለሰች። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የክልል ልዩ ኃይሎች መልሶ ማደራጀት ተከተለ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በጥሪ የወጣ ክላሽ በምን ወረቀት ተመዘገበ? ያ ጥሪስ ለባለ ብረቱ ማቅለያ ይሆናል ወይስ አይሆንም? የአሜሪካ ጠበቃ ለራሱ ጥያቄ የሁለት መቶ ዓመት መዝገብ ያገላብጣል። በሰሜን ወሎዋ ሐብሩ ወረዳ ግን ጥያቄው ገና አምስት ስድስት ክረምት ቢሆነው ነው፤ መልሱን የሚያውቁትም የዘመቱትና የጠሯቸው ሰዎች ናቸው።