ዝናቡ ሲያባራ

በውጭ አገር ሥዕላዊ መጽሔቶች ላይ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲታይ ዘወትር ፀሐይ አለ፤ ልጆቹ በባሕር ዳር አሸዋ ይቆፍራሉ፤ አባትየውም የገለባ ባርኔጣውን ደፍቶ በወንበሩ ላይ ተዘርግቷል። በእኛ ዘንድ ግን ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሰማዩ ሲከፈት ነው። ሐምሌና ነሐሴ የጋቢና የጃንጥላ፣ የጭቃና የማይደርቅ ልብስ ወራት ናቸው። ስለዚህም ብዙው ወላጅ ክረምቱን የሚያሳልፈው እንደ ወረፋ ጠባቂ መስከረም እስኪጠባ ቀኑን እየቈጠረ ነው።

እኔም ከነዚሁ አንዱ ነበርሁ። ከመሥሪያ ቤት በ11 ሰዓት ተኩል ወጥቼ፣ በታክሲ ሰልፍ ቆሜ፣ ጫማዬ ውሃ ጠጥቶ ቤቴ ስደርስ የአምስት ዓመት ልጄ በር ላይ ትቀበለኛለች። «አባዬ፣ ደጅ እንውጣ» ትላለች። «ዝናቡ ሲያባራ» እላታለሁ። አንድ ቀን በነሐሴ መጀመሪያ ላይ ይህንኑ መልስ ብሰጣት ቀና ብላ አየችኝና፣ «ሲያባራማ አንተ ሥራ ትሄዳለህ» አለችኝ።

ልጅቱ ያለችው እውነት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በዓመት ከምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በነዚሁ በሁለቱ ወራት ነው። ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ብራ ይሆንና ዝናቡ ከቀትር በኋላ፣ ማታም ይመጣል። ይኸውም ማለት ደመወዝተኛ ቤቱ የሚገኝበት ሰዓት የዝናቡ ሰዓት ነው። ዝናቡ እስኪያባራ የሚጠብቅ አባት ልጁን የሚያገኘው ሲያንቀላፋ ነው። ልጅን ዝም ለማሰኘት ስልክ መስጠት በርግጥ ይቀላል፤ እኔም አድርጌዋለሁ፤ ቤቱም ጸጥ ብሎ ነበር። ነገር ግን ያን ክረምት ምን እንዳደረግን ዛሬ ብጠየቅ የማስታውሰው የለኝም።

እንግዲህ ከዝናቡ ጋር መጫወት ነው የሚሻለው። መብረቅ ሲበርቅ ሕፃን ይደነግጣል። ያን ጊዜ ብልጭታው ከታየ አንሥቶ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ሴኮንዱን አብራችሁ ቍጠሩ። ድምፅ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ሦስት ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አሥራ ሁለት ከቈጠራችሁ መብረቁ ያለው አራት ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። ሠላሳ ሳይሞላ ከተሰማ ግን ልጁ ከደጅ መግባት አለበት፤ ከዛፍ ሥር መጠለልም አይገባም። ልጄ እስከ ሠላሳ መቍጠር የተማረችው በዚህ ዓይነት ነው፤ ፍርሃቷም ወደ ክርክር ተለወጠ፤ ነጎድጓዱ ቶሎ ከመጣ «አጭበረበረ» ትላለች።

ለክረምቱ ከትምህርት ቤት የተመለሰ ተማሪም ለታናናሾቹ የሚሆን ሥራ አለው። ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ከጣራ ውሃ ራቅ ብሎ ገላጣ ቦታ ላይ ይቀመጥና ጠዋት ጠዋት በማስመሪያ ይለካ። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ወርዷል ማለት ነው። ማስመሪያው 20 ካሳየ በአንዲት ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሙሉ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ፈሷል። ጀሪካን ተሸክሞ ለሚያውቅ ልጅ ይህ ቀላል ወሬ አይደለም።

ማታ ደግሞ እሸት በቆሎ አለ። በቆሎው ሲንጣጣ መስማት ግማሽ ደስታ ነው። ፈርኔሎው ግን ደጃፍ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ይሁን እንጂ ከተዘጋ ክፍል ውስጥ ከቶ አይግባ፤ ብርዱ ቢጠናም ለማሞቂያ ተብሎ አብሮ አይታደር። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ተኝተው ሳሉ ይገድላል። እናቶች አብዝተው የሚፈሩት ዝናቡን ነው፤ ጉንፋን የሚያመጣው ግን ዝናቡ ራሱ ሳይሆን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ቫይረስ ነው፤ ክረምት ሁላችን በአንድ በተዘጋ ክፍል ስንታፈን ይበልጥ ይመቸዋል። የረጠበ ልጅ ይድረቅ፣ ልብሱም ይለወጥ። ከከሰሉ ቀጥሎ በእውነት የሚያስፈራው የሞላ ወንዝና ክፍት ቦይ ነው።

በቆሎው እየተበላ እንቆቅልሽ ይጀመራል። መላሹ ካቃተው አገር መስጠት አለበት፤ ጠያቂዋም የተሰጣትን አገር ንቃ ሌላ ታስጨምራለች። በመሥሪያ ቤት ዝውውር ሲነሣ ከአዲስ አበባ አልወጣም ብሎ ማመልከቻ የሚጽፈው ሁሉ በዚህ ጨዋታ ጎንደርንና ሐረርን በአንድ ምሽት ያድላል። የኔይቱ ጅማን ሁለት ጊዜ ከመለሰች በኋላ ባሕር ዳር ላይ ረጋች፤ በማግስቱም ባሕር ዳር የት እንደ ሆነ ካርታ ላይ አሳየኝ አለች።

ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። በደብረ ታቦር ብርሃን በተገለጠ ጊዜ እረኞች ሕፃናት ሳይመሽ መስሏቸው ከመስክ ስለ ዘገዩ ወላጆቻቸው ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ ይባላል፤ ሙልሙሉም የዚያ መታሰቢያ ነው። ዛሬ በከተማ ሆያ ሆዬ ለሚጨፍሩት ልጆች ብር መስጠት ተለምዷል። የኔ አሳብ ከተጠየቀ ሙልሙሉ ይበልጣል፤ ብር ኪስ ይገባል፣ ሙልሙል ግን ሊጡ ሲቦካ ጀምሮ የሕፃን እጅ ይገባበታል፤ በዱቄት የተለወሰ አፍንጫም ያተርፋል። ልጁ ገና ከሆነ ከጨፋሪዎቹ ኋላ እጁን ይዞ ሁለት ሦስት ቤት ማድረስ ነው፤ ዱላውን ግን ለራሱ ይተዉለት።

ከቡሄ እስከ ዕንቁጣጣሽ ያለው ጊዜ የሥዕል ነው። ለአዲስ ዓመት የሚታደለው ፀሐይና አበባ የሚጀመረው ያኔ ነው፤ ወረቀትና ቀለም ብቻ ይበቃል። ዐደይ አበባውም በየሜዳው መፍካት ይጀምራል።

ጳጉሜን 3 የሩፋኤል ዕለት ነው። በዚያ ቀን የሚወርደው ዝናብ የተባረከ ነው ስለሚባል ሕፃናት ሩፋኤል እንዲያሳድጋቸው እየለመኑ ከዝናቡ ሥር ይዘልላሉ። ባለፈው ዓመት ከሥራ ስገባ ነጎድጓድ የሌለው ለስላሳ ዝናብ ይወርድ ነበር። ልጄ ከጎረቤት ልጆች ጋር በግቢው መካከል ትዞራለች፤ እኔ ጃንጥላ ዘርግቼ በረንዳው አጠገብ ቆምሁ። «አባዬ፣ ና! ዛሬ ሳያባራ ና!» አለችኝ። ለማግስቱ ስብሰባ የተተኰሰው ሱሪ በላዬ ነበረ። ጃንጥላውን አጠፍሁት።