የኒውተን ከተማ ኑሮና የአንድ ፋብሪካ ዕድል

በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ፥ በአዮዋ ግዛት፥ ከዴ ሞይን በስተምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ኒውተን፥ ዙሪያዋን በበቆሎና በአኩሪ አተር እርሻ የተከበበች ትንሽ ከተማ ናት። በ1846 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የጃስፐር አውራጃ ዋና ከተማ እንድትሆን ስትቆረቆር፥ ገበያዋ እንደ ማናቸውም የገበሬ አገር ገበያ የመከርን ወራት የሚጠባበቅ ነበር።

በ1893 ኤፍ. ኤል. ሜይታግ የተባለ ነጋዴ ከባልንጀሮቹ ጋር ማኅበር አቁሞ፥ ነዶ ለመውቂያ መኪና የሚያጎርስ መሣሪያ መሥራት ጀመረ። ሥራው ቢሰምርም አንድ ችግር ነበረበት፤ ገበሬው መሣሪያውን የሚፈልገው መከር ሲቃረብ ስለሆነ፥ በቀሩት ወራት የፋብሪካው ሥራ ይቀዘቅዝ ነበር። ይህን ክፍተት ለመሙላት በ1907 የእንጨት ገንዳ ያለው፥ በእጅ የሚዞር የልብስ ማጠቢያ መኪና ለገበያ አቀረበ። ኤሌክትሪክ ያልደረሰለት ገበሬ ብዙ መሆኑንም አስተውሎ፥ በቤንዚን ሞተር የሚሠራ መኪና ጨመረ። በ1922 የአሉሚኒየም ገንዳ ያለው አዲስ መኪና በወጣ ጊዜ ገበያው እጅግ ስለደራ፥ ኩባንያው የእርሻ መሣሪያ መሥራቱን ጨርሶ ተወ። ለክፍተት መሙያ የታሰበው ሸቀጥ ዋናውን ንግድ ተካ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የከተማው ኑሮ ከፋብሪካው ደመወዝ ጋር ተሳሰረ። ሠራተኛው ደመወዙን ሲቀበል ባለሱቁ ይሸጣል፤ ባለሱቁ ሲሸጥ አስመጪው አዲስ ዕቃ ያዝዛል፤ ቤት ይሠራል፥ ግብርም ይገባል። ሆኖም ሜይታግ ክፍተቱን በሁለተኛ ሥራ ለመሙላት የተጠቀመበትን ብልኀት፥ ከተማው ለራሱ ሳይጠቀምበት ብዙ ዘመን አለፈ። በ2006 ዊርልፑል የተባለው ኩባንያ ሜይታግን ገዛ፤ በ2007 በጥቅምት ወር የኒውተን ፋብሪካ ተዘጋ።

በ2008 የነፋስ ኀይል ማመንጫ ክንፎች የሚሠራ ፋብሪካ በከተማው ሥራ ቢጀምርም፥ እርሱም በ2021 መጨረሻ ምርቱን አቋረጠ። ስለዚህ አንዱን ትልቅ ፋብሪካ በሌላ ትልቅ ፋብሪካ መተካት ብቻውን እንደማይበቃ ታወቀ። ከተማውን የደገፉት ሥራዎች ብዙና ልዩ ልዩ ናቸው፤ ከ1941 ጀምሮ ከላም ወተት የሚዘጋጀው ስመ ጥር አይብ፥ በ2006 የተከፈተው የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ፥ እንዲሁም ትምህርት ቤትና ልዩ ልዩ ንግድ የገባበት የቀድሞው የሜይታግ ዋና መሥሪያ ቤት ከነዚህ መካከል ይቈጠራሉ። በ2010 የነዋሪው ቍጥር 15,254 ነበር፤ በ2020 ግን 15,760 ሆኖ ተገኘ። ከተማው አልፈረሰም።

የኒውተን ታሪክ ለነጋዴ ሁሉ የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው። ብልኅ ነጋዴ የሸቀጡን ዋጋ ብቻ ሳይሆን፥ ደንበኛው የሚከፍለው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣም ይመረምራል፤ ምንጩ አንድ ብቻ ሆኖ ቢያገኘው፥ ገበያው ደርቶ ሳለ ሁለተኛውን ይፈልጋል።